ጣፊያ የሚባል ሰው

«አጥፊው። አሁኑኑ፣ እኔ እያየሁ አጥፊው» አለች ብሩክታዊት።

ሁለቱ ልጃገረዶች ከትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ጀርባ ተሸሽገው ቆመዋል። ስልክ ይዞ ግቢ መግባት ክልክል ስለሆነ ቶይባ ስልኳን በሻርፗ ጫፍ ሸፍናዋለች። አውራ ጣቷ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉን ሳተችው፤ ደግማ ሳተችው። በመጨረሻ «ለሁሉም ይጥፋ» የሚለውን ነካች፤ ሁለቱ ስንኞች ከነቴሌግራም ግሩፑ ብን ብለው ጠፉ።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

«በቃ፣ አንቺ የለሽበትም። ጣፊያ ሞተ፤ ነፍስ ይማር።» ብሩክታዊት ልትቀልድ ፈልጋ ነበር። ድምፅዋ ግን አልታዘዘላትም።

ቶይባም አልሳቀችም። ከማጥፋቷ በፊት አንድ ፍርሃት ነበራት፤ ካጠፋች በኋላ ሌላ ተጨመረላት። ሁለተኛው ምን እንደሆነ ገና በደንብ አልገባትም። ደወሉ ሲደወል ስልኩን ካልሲዋ ውስጥ ከታ ወደ ክፍል ሮጠች።

የባዮሎጂው መምህር ዘካሪያስ ስም ይጠራሉ። ከጎጃም ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው፤ የቆቦን ሙቀት እንጂ የቆቦን ወሬ ገና አልለመዱም።

«ረዲ?» አሉ።

ከመስኮቱ ሥር ያለው የረዲ ወንበር ባዶ ነው።

«ረዲ የት ሄደ? ወዳጆቹ የላችሁም?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዱ ተነስቶ «ፎንቃ ይዞት ነው ቲቸር» ይልና ክፍሉ በሳቅ ይቀወጥ ነበር። ዛሬ ሁሉም ደብተሩን ያያል። መምህር ዘካሪያስ ትከሻቸውን ነቅንቀው የቀሪ ምልክት አደረጉበት።

ነገሩ የተጀመረው በሳቅ ነበር። ከረጅም መቋረጥ በኋላ ኔትወርክ ቆቦ ላይ ሲመለስ፣ የአሥረኛ ክፍል ልጆች የፍቅር ግጥም መላላክ ያዙ። ማሬ፣ ጨረቃዬ፣ ጽጌረዳዬ። ቶይባን አንገፈገፋት። ማሽላና ግመል ሲያይ ያደገ የራያ ልጅ ጽጌረዳን የት አይቶት ነው? ስለዚህ ስሟን ደብቃ «ማር ክልክል ነው» የሚል ግሩፕ ከፈተች። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ስንኝ ይጻፋል፣ በውስጡ ደግሞ አፍቃሪ አፉ ላይ አድርጎት የማያውቅ አንድ ቃል ይኑር። መምህር ዘካሪያስ የሆድ ዕቃን ባስተማሩ ዕለት የመጀመሪያውን ራሷ ጻፈች፦

«ልቤንስ ወሰድሽው፣ ደግ ነው ይሁና፤
ጣፊያዬን መልሺ፣ ያስፈልገኛልና።»

ከዚያ በኋላ በግሩፑ ውስጥ ስሟ «ጣፊያ» ሆነ። ማንነቷን ከብሩክታዊት በቀር የሚያውቅ የለም። የሚጻፈው ሁሉ ወንድ ለሴት የሚለው ስለሆነ ልጆቹ ጣፊያ ወንድ ነው ብለው ደመደሙ፤ እሷም አላረመቻቸውም። ጭራሽ ጻፈችላቸው፦

«ስሞት ከደጃፍሽ ጉድጓዴን ቆፍሪ፤
ሌላ ወንድ ቢመጣ በእኔ አስፈራሪ።»

በእረፍት ሰዓት ወንዶቹ ይቺን እየተቀባበሉ ሲንከተከቱ ቶይባ ከጎናቸው ሳንቡሳዋን እየበላች ትሰማ ነበር። እንደዚያ ተደስታ አታውቅም። የራስን ቃል ከሰው አፍ መስማት ልብ ያሞቃል፤ ደግሞም ያጠግባል፣ ከዚያም እንደገና ያስርባል። ስለዚህ ቃል ማደን ጀመረች። ከባዮሎጂ፣ ከእርሻ፣ ከእናቷ የገበያ ጭቅጭቅ፣ ከአያቷ።

አያቷ እንድሪስ ቆቦ አካባቢ ዘወልድ ከሚባሉት ደም አስታራቂ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ሽማግሌዎቹ እቤት ሲሰባሰቡ ውሃ የምታስታጥበው ቶይባ ናት። ነገሩ ሲከብድ «ልጆች፣ ወደ ጓዳ» ይባላል፤ ቶይባ ግን ፎጣውን ቀስ ብላ ነው የምታጥፈው። «ጉማ» የሚለውን ቃል የሰማችው እንዲህ ስታጥፍ ነበር። ሰው የተገደለበት ቤተሰብ የሚቀበለው የደም ካሳ ነው። ቃሉ አፍ ውስጥ ይከብዳል። እንደ ድንጋይ ከረሜላ ቀኑን ሙሉ ስታገላብጠው ዋለችና ማታ ጻፈችው፦

«ዓይንሽ እኔን ገድሏል፣ ጉማዬን ክፈዪ፤
ወንድምሽን ላኪ፣ ወይ ራስሽ ነዪ።»

ግሩፑ በሳቅ ጨሰ። ረዲ ግን ከሳቅ አልፎ ሄደ። ግጥሙን በራሱ ድምፅ ቀድቶ፣ መጨረሻው ላይ ራሱም ስቆ፣ ለሚወዳት ልጅ ለኢስራ ላከላት።

ለሌላ ሴት ልኮት ቢሆን ምንም አልነበረም። የረዲን አባት የገደለው የኢስራ አጎት ነው። በጎርፍ ውሃ ተራ ተጣልተው፣ ማሽላው መሃል። ገዳዩ ታሰረ፤ ሁለቱ ቤቶች ግን ጠመንጃ አጉርሰው ዓመታት ተፋጠጡ። በኋላ ዘወልዶቹ ገብተው፣ ጉማው ተከፍሎ፣ ከሆርማት ወንዝ ማዶ ባለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተማማሉ። ከመሐላው በኋላ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያ ቃል አይነሳም። ደሙ ከደረቀ ስሙ አይጠራም። የጠራ ሰው ደሙን እንደገና ፈለገ ማለት ነው።

ይህን ቆቦ ላይ የማያውቅ የለም። ቶይባም ታውቃለች። ስትጽፍ ግን ሁለቱ ቤቶች ትዝ አላሏትም፤ ትዝ ያላት «ክፈዪ» ከ«ነዪ» ጋር ቤት መምታቱ ብቻ ነበር።

ረዲና ኢስራ ምን አስበው ነው? ምናልባት ያንን ግዙፍ ነገር በሳቅ ሊያሳንሱት ይሆናል። ኢስራ ድምፁን ስትሰማ ስቃለች አሉ። ደጋግማ ስትሰማው ታላቅ ወንድሟ ሙሀመድሰይድ ከበሩ ላይ ደረሰ። የሟች ልጅ ድምፅ «ወንድምሽን ላኪ» ይላል፤ ከዚያም ይስቃል። በማግስቱ ረዲ ሮቢት ከተማ አክስቱ ዘንድ ተሸሸገ። ሙሀመድሰይድም ክላሹን ከግድግዳ አወረደ።

ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ቶይባ አንገቷን ደፍታ በአስፋልቱ ዳር ስትሄድ፣ አንድ ባጃጅ ቀስ ብሎ አጠገቧ ቆመ።

«የእንድሪስ ልጅ አይደለሽ? ግቢ ላድርስሽ።»

ሹፌሩ ሙሀመድሰይድ ነው። እምቢ ብላ ብትሮጥ ምን ይላል? ገባች። የኋላ ወንበሩ ላይ በሽርጥ የተሸፈነ ረዥም ነገር ተጋድሟል። ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር ያ ነገር ጭኗን ይነካል። ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ወደ ዳር ተሸጋሸገች፤ የባጃጅ ወንበር ግን የት ያሸሻል?

«ክፍላችሁ ጣፊያ የሚባል ልጅ አለ?» አላት በመስታወቱ እያያት።

«የ… የለም።»

«ረዲ ግጥሙን የጻፈው ጣፊያ የሚባል ሰው ነው ይላል። እስቲ አሁን ልጇን ጣፊያ ብላ የምትጠራ እናት የት አለች?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር።

«ሽማግሌዎቹ ሮቢት ድረስ ሰው ልከው፣ ከሆነ አሳየን አሉት። ስልኩን ከፈተ። ባዶ! ምንም የለም። አሁን ነው የደወሉልኝ።» መሪውን በጡጫ መታው። «ውሸታም! እቤታቸው አስጠንተውት ነው። አጎቶቹ ናቸው የላኩት።»

ለቶይባ ሁለተኛው ፍርሃት ያን ጊዜ ተገለጠላት። ረዲ አንድ መረጃ ነበረው፤ ያንን ጠዋት ከውሃ ታንከር ጀርባ ራሷ አጥፍታዋለች።

ከኋላ ሞተር ብስክሌት ድምፁን አጉልቶ ሲያልፋቸው ሙሀመድሰይድ ደንግጦ ዞረና እጁን ወደ ኋላ ወረወረ። ሽርጡን ያዘ። ሞተሩ ዶሮ ጭኖ ወደ ዋጃ የሚበር ነጋዴ ነበር። ሙሀመድሰይድ እጁን መለሰ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልክ እንደ እሷ አውራ ጣት። ቶይባ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ እሱ የሚያስፈራ ሰው እንጂ የሚፈራ ሰው ነው ብላ አላሰበችም ነበር። ይኼ ደግሞ የባሰ አስፈራት። የፈራ ሰው ቀድሞ ይተኩሳል ሲሉ ሰምታለች።

«እዚህ ይበቃኛል» አለች፤ ቤቷ ገና ሩቅ ነበር።

እቤት ስትደርስ አያቷ ከአባ ተዋቸው ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አባ ተዋቸው ከዘወልዶቹ ሁሉ አንጋፋው ናቸው፤ ጆሯቸው ይደክማል፣ ዓይናቸው ግን አይስትም። ቶይባ ማስታጠቢያውን ይዛ ቀረበች። ለመስማት ማንዣበብ ሳያስፈልጋት ነገሩ ሁሉ ጮክ ተብሎ ይወራል።

«ልጅ አደባባይ የሚያወጣው እቤቱ የሰማውን ነው» አሉ አባ ተዋቸው እጃቸውን እየታጠቡ። «ቃሉ ከሟች ቤት የወጣ ከሆነ እርቁ ፈርሷል። ከልጆች ጨዋታ የመጣ ከሆነ ግን ልጅ ይመከራል፣ ነገሩም ያልፋል።»

«ዘሃራ እንዲህ ያለ ነገር ለልጇ አታስጠናም» አሉ እንድሪስ። ዘሃራ የረዲ እናት ናት።

«አታስጠናም። በምን እናሳምናቸው? አብረውት የሚማሩትን ጠየቅን። ያየም የሰማም የለም።»

እንዴት ይኖራል? በደም ነገር ማን ምስክር ይሆናል? የግሩፑ ልጆች ገና ግሩፑ ሳይጠፋ ነው አንድ በአንድ የወጡት።

«ነገ ጠዋት ልጁን ከሮቢት አስመጥተን ቁርቁራው ሥር እናቆመዋለን» አሉ አባ ተዋቸው። «እነ ሙሀመድሰይድ ግን መሣሪያ አናስቀምጥም ብለዋል። አላህ ያግዘን እንጂ እኔ ልቤ ፈርቷል፣ እንድሪስ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።» አባ ተዋቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ከእንድሪስ ጋር ሲሆኑ ግን በአላህም በእግዜርም ይማጸናሉ።

ቶይባ ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አኖረች።

«ምነው የኔ እናት? ፊትሽ አመድ መሰለ» አሏት አያቷ።

አሁን ተናገሪ፣ አለች ለራሷ። አሁን።

«ራሴን አሞኝ ነው፣ አባባ።»

አያቷ እርጥብ መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ አኖሩ። «አብሽሪ። ፀሐይ መቶሽ ነው፤ ግቢና ጋደም በይ።»

ከስድብ ይልቅ ይህ መዳፍ አቃጠላት። ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብትናገር ምን ይመጣል? አባቷ በአይሱዙው ጭነት ይዞ ሰመራ ሄዷል፤ ሲመለስ «ልጅህ የፍቅር ግጥም ጻፊ ሆና ደም ልታፋስስ ነበር» ብለው ይቀበሉታል። የአክስቷ ልጅ ከዚህ ላነሰ ነገር ከትምህርት ቤት ቀርታ ተድራለች። አያቷስ? የሽማግሌ ቤት ወሬ በልጅ ልጃቸው ከወጣ ነገ ማን አምኖ እሳቸው ፊት ይናገራል? ባትናገር ደግሞ… እዚህ ስትደርስ ያ በሽርጥ የተሸፈነ ነገር ጭኗን የነካት ይመስላታል።

ጠዋት ብሩክታዊት በትምህርት ቤቱ በር ጠበቀቻት።

«ላሽ በይው ቶይቢ። ትልልቆቹ ሰዎች ይጨርሱታል። ሁልጊዜ ይጨርሱት የለ?»

«ባይጨርሱትስ?»

«አንቺ ምን አደረግሽ? ተኮስሽ?»

ቶይባ ቦርሳዋን አውልቃ ለጓደኛዋ ሰጠቻትና ተመልሳ ሄደች። ብሩክታዊት ስሟን እየጠራች ትንሽ ተከተለቻት፤ ኋላ ግን ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፋ ቆማ ቀረች።

የሆርማት ወንዝ ደርቆ አሸዋ ሆኗል። ማዶው ላይ በቁርቁራው ግራና ቀኝ ሁለት መንጋ ሰው ተቀምጧል። በወጉ ቢሆን መሣሪያ ከዛፉ ርቆ ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬ ግን በአንደኛው ወገን ክላሾች ጉልበት ላይ ናቸው። ሴቶቹ ራቅ ብለው ማሽላው ዳር ተሰብስበዋል። መሃል ላይ ረዲ ቆሟል። ትምህርት ቤት ውስጥ ረዥም የነበረው ልጅ እዚህ ያጠረ መስሏል።

አንዱ ሰው የኢስራን ስልክ ከፍ አድርጎ አሰማ። «ዓይንሽ እኔን ገድሏል፣ ጉማዬን ክፈዪ…» ቃሉ በወንዙ አሸዋ ላይ ጥርት ብሎ ተሰማ። መጨረሻ ላይ የረዲ ሳቅ መጣ። በቴሌግራም ላይ ያ ሳቅ የጨዋታ ሳቅ ነበር። እዚህ ግን የቶይባን ፀጉር አቆመው።

«ማነው ያስጠናህ?» ጮኸ ሙሀመድሰይድ ብድግ ብሎ።

«ወላሂ ማንም! ከግሩፕ ላይ ነው ያገኘሁት። ጣፊያ የሚባል…»

«አሁንም ጣፊያ!»

ሁለቱም ወገን ተነሳ። የብረት መንቀጫቀጭ ተሰማ። ቶይባ እግሯ መሄዱን ያወቀችው ዛፉ ጥላ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው።

«ቶይባ!» አያቷ ደነገጡ። «ምን ሆናችሁ? እቤት ማን ሞተ?»

«እቤት ደህና ነው፣ አባባ።» ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። «ጣፊያ… ጣፊያ እኔ ነኝ።»

የገባው ሰው አልነበረም። አባ ተዋቸው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን አለች? ጣፊያዋን ነው ያመማት?» አሉ።

«ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «ረዲ ከእኔ ነው የወሰደው። ስልኩ ላይ የጠፋውም ትናንት ስለፈራሁ እኔ አጥፍቼው ነው። ቃሉን እቤቱ አልሰማውም። አባባ ጋ ውሃ ሳስታጥብ እኔ ሰማሁ። ለጨዋታ ነው የጻፍኩት።»

አያቷን ማየት አልቻለችም፤ በጎን ግን ከዘራቸውን አጥብቀው ሲይዙ ታያት።

ከኢስራ ወገን አንድ ሽማግሌ ሳቀ። «እንድሪስ፣ እርቅህ እንዳይፈርስብህ የልጅ ልጅህን አስጠንተህ መጣህ? ይህች ናት እንዲህ ያለ ቃል የምትሰካ?»

«ትፈተና» አለ ሙሀመድሰይድ። ክላሹን እንደያዘ ወደ ማሽላው ዞረ። ዘንድሮ ያ ማሳ ቀጭጯል፤ ከማሽላው እግር ሥር ሐምራዊ አበባ ተዘርግቷል። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ገበሬ ግን ሲያየው ያለቅሳል። «አቀንጭራ» አለ። «በይ፣ በአቀንጭራ የፍቅር ግጥም ግጠሚልኝ። አሁን።»

ቶይባ ቤቷ ጋደም ብላ፣ ስልኳን ይዛ ቢሆን ቀላል ነበር። እዚህ ቃላት ሁሉ እንደ ግሩፑ ልጆች ትተዋት ወጡ። ማሽላውን አየች። አረሙን አየች። ሥሩ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ይመጠምጣል፤ ማሽላው እየቆመ ይሞታል።

«አቀንጭራ ሆነሽ…» አለችና ቆመች። የሆነ ሰው አጉረመረመ። ዓይኗን ጨፈነች።

«አቀንጭራ ሆነሽ፣ ከሥሬ ተጠጋሽ፤
እኔ ገለባ ሆንኩ፣ አንቺ አበባ አወጣሽ።»

ከኋላ አንድ ሰው አሳለው፤ ሳል ግን አልነበረም። አባ ተዋቸው «ምን አለች?» ብለው አስደገሙና ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ማሳዬን ነው የነገረችኝ፣ ይቺ ክፉ ልጅ» አሉ።

ሙሀመድሰይድ አልሳቀም። ቀረብ ብሎ ቆመ።

«ወንድምሽን ላኪ ያልሽው ማንን ብለሽ ነው?»

«ማንንም።»

«ማንንም?»

«ስንኙ አልሞላ ብሎኝ ነው» አለች ቶይባ፤ ስትናገረው ያሳፍር ነበር። «‹ወይ ራስሽ ነዪ› ከማለቴ በፊት የሆነ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ወንድም የሚለው ልክ ሆነልኝ።»

«ልክ ሆነልሽ» አለ ሙሀመድሰይድ። ዓይኖቹ እንቅልፍ አጥተው ቀልተዋል። «እኔ ስንኝ መሙያ ሆኜ ነው እንግዲህ እንቅልፍ ያጣሁት። እናቴ ውሃ ልቀዳ ስትል በክላሽ ነው የምሸኛት።»

የክላሹን ካዝና ነቀለና ኪሱ ከተተ። ከዚያ መሣሪያውን ወስዶ ከዛፉ ርቆ ድንጋዩ ላይ አጋደመው። የእሱ ወገኖች እርስ በእርስ ተያይተው አንድ በአንድ ተከተሉት። ረዲ እዚያው በቆመበት ቁጭ አለና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ሽማግሌዎቹ ምርቃት ሊጀምሩ ሲሉ ከማሽላው ዳር አንዲት ሴት ተነሳች። ዘሃራ ናት። ልጇ ጋ ትሄዳለች ብለው ሁሉም መንገድ ለቀቁላት። እሷ ግን ቶይባ ፊት ቆመች።

«የባሌ ጉማ የተቆጠረው እዚህ ዛፍ ሥር ነው» አለች ቀስ ብላ። «ያን ቀን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።»

ይህን ብላ ነጠላዋን አጣፍታ በወንዙ አሸዋ ላይ ብቻዋን ሄደች።

ምርቃቱ ቀጠለ። ቶይባ እስካሁን የፈራችው ጥይትን ነበር፤ አባቷን፣ ሰውን። የዘሃራ ቃል የገባበት ቦታ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ለመደበቅ የሚሆን ታንከር የለም።

ሰው ሲበተን አያቷ መጡ። ሲቆጡ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። «ከእንግዲህ ሽማግሌ ሲመጣ ውሃ የምታስታጥቢው አንቺ አይደለሽም» አሏት። ያ ቅጣት ከአለንጋ ይልቅ እንደሚያማት ያውቃሉ። ቀጥለውም «ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ። ዘሃራ ዘንድም ሰሞኑን ከሽማግሌ ጋር እንወስድሻለን፤ ወጉ እንደዚያ ነው። አሁን ወደ ቤት ሂጂ» አሉ።

ቶይባ ወንዙን ተሻገረች። መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ በኩል ያለው ወደ ቤቷ ይሄዳል። ቆመች። ከሽማግሌ ጋር ብትሄድ ሽማግሌው ይናገርላታል፤ እሷ አንገቷን ደፍታ መቆም ብቻ ነው። ቀላል ነው።

በቀኙ ሄደች።

የእነ ረዲ አጥር የእሾህ ነው፤ በሩ ከቆርቆሮ። ግቢው ውስጥ ዶሮ ይጭራል እንጂ የሰው ድምፅ የለም። የምትለውን በመንገድ ላይ ስታዘጋጅ መጥታለች፤ ጥሩ ጥሩ ቃላት ነበሩ። በሩ ጋ ስትደርስ አንዱም አላስፈለጋትም፤ ተወቻቸው።

ቆርቆሮውን አንኳኳች።

«ማነው?» አለ የዘሃራ ድምፅ ከውስጥ።

«ቶይባ ነኝ» አለች። «ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ።»

ለረጅም ጊዜ መልስ አልመጣም። ቶይባ አልሄደችም። ቆይቶ የበሩ መቀርቀሪያ ሲነሳ ተሰማት።